ማይክሮፒያ ሙዚየም ስትሄዱ፦ ዓይን የማያየውን ቀስ ብሎ ስለማየት

እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጣች ጊዜ አንድ ጠዋት «ዛሬ ደግሞ የት ነው የምትወስጂኝ?» አለችኝ። «የጀርም ሙዚየም» አልኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች ትንሽ ዝም አለችና «ጀርም ለማየት ይከፈላል?» አለች።

አዎ፣ ይከፈላል። ኔዘርላንድስ፣ አምስተርዳም ውስጥ ማይክሮፒያ የሚባል፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋንን ብቻ የሚያሳይ ሙዚየም አለ። በ1838 የተመሠረተው አርቲስ የተባለው የአራዊት መጠበቂያ አካል ሲሆን፣ በሴፕቴምበር 2014 ንግሥት ማክሲማ መርቀው ከፍተውታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሐሳቡ የመነጨው የአርቲስ ዳይሬክተር ከነበሩት ከሃይግ ባሊያን ነው። አንበሳና ዝሆን የሚያሳይ ተቋም ከሕያዋን ሁሉ የሚበዙትን ደቂቅ ፍጥረታት ለምን አያሳይም ነው ነገሩ።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጉብኝቱ ከሽፎብኛል። በአርባ ደቂቃ ዞሬ ጨርሼ «ይኸው ነው?» እያልኩ ወጣሁ። ጥፋቱ የሙዚየሙ አልነበረም። ሥዕል እንደሚታይበት አዳራሽ ከአንዱ ወደ አንዱ ተራመድኩ እንጂ አንድም ማይክሮስኮፕ ላይ አልቆየሁም። ከዚያ ወዲህ ከልጆችም ከእንግዳም ጋር፣ አንዴም ብቻዬን ተመላልሼበታለሁ። ከታች ያለው አካሄድ ከዚያ የተገኘ ነው።

1. ከሳምንት በፊት፦ ሁለት ቁራጭ ዳቦ

ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጉብኝቱን ከቤት ጀምሩት። ከዳቦ ቤት የተገዛ ዳቦ ሁለት ቁራጭ ያዙ። የታሸገው ለስላሳ ዳቦ ብዙ ጊዜ ሻጋታ የሚከላከል ነገር ስለሚገባበት ልጆቹን ያሰለቻል። አንዱን ቁራጭ በታጠበ ሹካ አንስታችሁ በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ክተቱት። ሁለተኛውን ልጆቹ ከውጭ እንደገቡ፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ በደንብ ይዳስሱት፤ እሱም በራሱ ከረጢት ይግባ። ሁለቱም ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ አድርጉ፣ ዝጉ፣ ቀኑን ጻፉበትና ሙቀት ያለበት ጥግ አስቀምጡት።

አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ከተዘጋ በኋላ አይከፈትም። ሻጋታ ሲበስል የሚለቀው ዱቄት መሰል ዘር በተለይ አስም ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። በፕላስቲኩ ላይ በየቀኑ ማየት ይበቃል።

ቤታችሁ ቡሆ ካለ ደግሞ ሌላ ዝግጅት አያስፈልግም። ክዳኑን ከፍታችሁ አረፋውን አሳዩአቸውና «ይህን ማን ነው የሚነፋው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አትንገሩ፤ ሙዚየሙ ይንገራቸው።

2. ትኬትና ሰዓት

ትኬቱን ከሙዚየሙ ድረ ገጽ አስቀድማችሁ ግዙ፤ የቀኑን ዋጋና የመግቢያ ሰዓት እዚያው ታያላችሁ። ከአራዊት መጠበቂያው ጋር አጣምሮ መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም አልመክርም። ዝሆንና ጎሪላ አይቶ የመጣ ልጅ ማይክሮስኮፕ ላይ ለመቆም ትዕግሥቱ አልቋል። ሁለቱንም ማየት ግድ ከሆነ ማይክሮፒያን አስቀድሙ።

ሁለት ሰዓት መድቡ። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንታትንና ዝናባማ ቅዳሜን ሽሹ፤ በዝናብ ቀን የአምስተርዳም ወላጅ ሁሉ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር ፍለጋ ይወጣል። ሰው በበዛ ቁጥር ማይክሮስኮፑ ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ያጥራል፤ ሙዚየሙ ደግሞ ያለ ማይክሮስኮፕ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሙዚየሙ የታሰበው ስምንት ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፤ ይህን አክብሩት። የአራት ዓመት ልጅ ቁመቱም አይደርስም፣ ጨለማውም ያስፈራዋል።

ማብራሪያው በአገሩ ቋንቋ በደችና በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ የለም። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አስተርጓሚ ሆኖ ይመደብ። እዚህ የተወለዱ ልጆች ደች ስለሚያነቡ ሥራውን ለእነሱ ስጡ፤ ለአያታቸው ሲተረጉሙ ራሳቸው ይማሩበታል። ለማስተርጎም የሚረዱ ጥቂት ቃላት፦ «ስኺመል» ሻጋታ ነው፣ «ኺስት» እርሾ፣ «ባክቴሪ» ባክቴሪያ፣ «ቪሩስ» ቫይረስ። «ቤርዲርቼ» ሲሉ ከሰማችሁ የውኃ ድቧን ነው፤ ወደ እሷ እንመጣለን። ለሁሉም አንድ ላይ የትምህርት ቤት መጻሕፍታችን «ደቂቅ ዘአካላት» ይላሉ፤ እኔ ከዚህ በኋላ ባጭሩ «ደቂቃን» እላቸዋለሁ፤ ለእናቴ ግን «በዓይን የማይታዩት» ስላት ነው የገባት።

3. መንገዱ

ከአምስተርዳም ሴንትራል ባቡር ጣቢያ 14 ቁጥር ትራም ይዛችሁ «አርቲስ» ፌርማታ ውረዱ። በሜትሮ የምትመጡ ዋተርሎፕላይን ወርዳችሁ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ትራም ላይ የባንክ ካርዳችሁን ስትገቡም ስትወርዱም ማስነካት እንዳትረሱ፤ እንግዳ የሚረሳው ሲወርድ ነው። መኪና አታምጡ፤ በዚህ ከተማ ማቆሚያው ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። መንገድ ስትጠይቁ «ሚክሮፒያ» በሉ፤ የአገሩ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው።

ቀደም ብላችሁ ከደረሳችሁ በዚያው ሰፈር የሆርቱስ የዕፅዋት ማሳያ አለ፤ በ1638 የተቋቋመ ነው። በ1706 ከጃቫ የመጣ የቡና ተክል እዚህ አድጎ፣ በ1714 ከዘሩ አንዱ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ተሰጥቷል፤ በላቲን አሜሪካ ከተስፋፋው ቡና ብዙው የሚመዘዘው ከዚህ ዘር ነው። የኛው ቡና ዞሮ ዞሮ በዚህ ሰፈር አልፏል ማለት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ጀርሙን ልትረሳው ነበር።

4. አሳንሰሩ፦ እዚህ አትቸኩሉ

ጉብኝቱ የሚጀምረው ወደ ላይ በሚወስድ አሳንሰር ነው። ከመሣፈራችሁ በፊት የማኅተም መሰብሰቢያ ካርድ መያዛችሁን አረጋግጡ፤ ለምን እንደሚጠቅም በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሳንሰሩ ውስጥ ወደ ላይ እዩ። ፊልሙ በሰው ዓይን ይጀምርና እየቀረበ፣ እየቀረበ ይሄዳል። ከሽፋሽፍት ሥር የምትኖር፣ የመዥገር ዘመድ የሆነች ደቃቃ ፍጥረት ትታያለች፤ ከዚያ በእሷ ላይ ያለው ባክቴሪያ፣ ከዚያም በባክቴሪያው ላይ ያለው ቫይረስ። ፍጥረቷ ዴሞዴክስ ትባላለች፣ ቁመቷ የሚሊሜትር ሲሶ ያህል ነው፣ አብዛኞቹ አዋቂዎች ፊት ላይም ትገኛለች። ከአሳንሰሩ የሚወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲያሽ ታያላችሁ። ልጆች ከደነገጡ «ካንተ ጋር የኖረች ናት፣ እስከ ዛሬ ምን አደረገችህ?» ማለት ይበቃል።

ከአሳንሰሩ ስትወጡ አዳራሹ ጨለማ ነው። ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ዓይናችሁን አለማምዱ። ትልልቅ ሰዎች ካሉ ክንዳቸውን ያዙ። ጨለማው ለማስዋብ ብቻ አይደለም፤ የሚያበሩትን ባክቴሪያዎችና የማይክሮስኮፑን ምስል አጥርቶ ለማየት ይረዳል።

5. ማይክሮስኮፑ ላይ እንዴት እንደሚታይ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ሌላውን ብትዘሉት ይህን አትዝለሉ።

እዚህ የምታዩት ፎቶ ወይም ቪዲዮ አይደለም። ከመመልከቻው ሥር ያሉት በሕይወት ያሉ ናቸው፣ አሁን፣ እናንተ ስታዩ የሚዋኙ። ሕያው ስለሆነም አንዳንዴ ስትመለከቱ ምንም የለም፦ አረንጓዴ ብዥታ፣ ባዶ ውኃ። የመጀመሪያ ቀን እኔን ያሸነፈኝ ይኸው ነው። ባዶ ሲሆንብኝ ተውኩት።

እንዲህ አድርጉ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መጀመሪያ እንዳደረጋችሁት ሞክሩ፤ ካስቸገረ አውልቁትና በማስተካከያው አጥሩት። ሁለቱንም ዓይናችሁን ክፈቱ። አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ቶሎ ያደክማል። ማንቀሳቀሻውን በጣት ጫፍ፣ በጣም በቀስታ ግፉት፤ እዚህ ዓለም ውስጥ ትንሽ መግፋት ማለት አንድ ሰፈር ማለፍ ነው። አንድ ቦታ ላይ አቁሙና እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ከዚያ በፊት አትንቀሳቀሱ። መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ትልቁን ነው። ቀጥሎ በትልቁ ዙሪያ የሚርመሰመሱ ነጥቦች ይወጣሉ። ነጥቦቹ ነጥብ እንዳልሆኑ የሚገባችሁ ሃያ አምስት ላይ ስትደርሱ ነው።

ቮልቮክስን ፈልጉ። አረንጓዴ ድቡልቡል ናት፤ ብዙ ሴሎች በአንድነት ተያይዘው የሠሯት፣ እንደ ኳስ እየተንከባለለች የምትዋኝ። ሆዷ ውስጥ ትንንሽ ኳሶች ይታያሉ፤ ልጆቿ ናቸው።

ቀጥሎ የውኃ ድቧን። ስምንት እግር፣ ወፍራም ገላ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የሚያህል ቁመት። ስትራመድ ጠጅ የጠጣ ሰው ትመስላለች። በአዳራሹ ግዙፍ ሞዴሏም አለ፤ መጀመሪያ ሞዴሉን አይታችሁ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ፣ ከዚያ ሕያዋኑን ፈልጉ። ውኃ ሲጠፋ ተኮማትራ፣ እንደ ደረቀ ጥራጥሬ ሆና ትጠብቃለች፤ ውኃ ስታገኝ ትነሣለች። በ2007 በአውሮፓ የጠፈር ተልእኮ ወደ ሕዋ ተወስደው ያለ አየር፣ በባዶው ውስጥ ቆይተው ሕያው ሆነው የተመለሱ አሉ። እናቴ አቀርቅራ ረጅም ጊዜ አየቻት። ቀና ስትል ያለችው «ምስኪን፣ እንዴት ትደክማለች» ነበር።

ለልጆች እዚሁ ቆማችሁ የምትነግሩት አንድ ሰው አለ። አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክ፣ የዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ፣ በ1632 የተወለደ። የጨርቅ ክር ለመፈተሽ ነጋዴዎች በአጉሊ መነጽር ይጠቀሙ ነበር። እሱ ግን የራሱን መስታወት እየሞረደ ነገሮችን ወደ 270 ጊዜ ያህል አጉልቶ እስከ ማየት ደረሰ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ላቲን አያውቅም። በ1674 የሐይቅ ውኃ ውስጥ የሚዋኙ ፍጥረታት አየ። በ1676 በርበሬ መሰሉን ቁንዶ በርበሬ ለምን ያቃጥላል ብሎ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ሲመለከት ከዚያ የባሱ ጥቃቅን አገኘና ለንደን ላለው የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ ጻፈላቸው። እነሱም መጀመሪያ ማመን አቃታቸው። በ1683 ደግሞ ከጥርሱ መሐል የፋቀውን ቆሻሻ አይቶ ጻፈ። ልጆቻችሁ ጥርስ አልቦርሽም ካሉ ይህን ታሪክ ለማታ አስቀምጡት።

6. የሰውነት ምርመራውና የመሳሙ ነገር

ከትልቁ ስክሪን ፊት ስትቆሙ ምስላችሁ ይወጣና በየትኛው ክፍላችሁ ምን ዓይነት ደቂቃን እንደሚኖሩ ያሳያችኋል። እጃችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ተጫወቱበት። ሕክምና አይደለም፤ የእናንተን ደም የለካ መስሏችሁ እንዳትሰጉ። አብሮት የሚነገር ቁጥር ከፈለጋችሁ፦ በ2016 የወጣ ስሌት በአንድ አዋቂ ሰው ላይ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንዳለ፣ የራሱ ሴሎች ደግሞ 30 ትሪሊዮን ገደማ እንደሆኑ ይገምታል። ሁሉም ባክቴሪያዎች ቢሰበሰቡ 200 ግራም ያህል ናቸው። በቁጥር ይበልጡናል፣ በክብደት ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ያህል ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ባልና ሚስት፣ እጮኛሞች ተሳስመው ስንት ደቂቃን እንደተለዋወጡ የሚነግር መለኪያ አለ። ከኋላው እውነተኛ ጥናት አለው፤ በ2014 በታተመው በዚህ ጥናት አርቲስን የጎበኙ 21 ጥንዶች ተሳትፈው፣ የአሥር ሰኮንድ የከንፈር መሳም እስከ 80 ሚሊዮን ባክቴሪያ እንደሚያሻግር ተገኝቷል። ከወላጅ ጋር ከሆናችሁ ግን ሳትቆሙ እለፉ። እኔ ሳላስበው ቆሜ ጽሑፉን ለእናቴ መተርጎም ጀመርኩና መሐል ላይ ምን እንደምተረጉም ገባኝ። «ሰላምታ ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

7. የሳህኖቹ ግድግዳ

ክብ ክዳን ያላቸው የመስታወት ሳህኖች ተደርድረው ታያላችሁ። ከጥርስ ብሩሽ፣ ከስልክ፣ ከማጠቢያ ስፖንጅ የተወሰደ ናሙና በውስጣቸው በቅሏል። ንጽሕና የሚያበዛ ሰው ከዚህ ግድግዳ በኋላ ስልኩን ይጥላል። አይጣል።

አነባበቡ እንዲህ ነው፦ እንደ ጥጥ የተባዘተ፣ ጸጉራም የሆነው ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ነው። እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሰም ጠብታ ያለው ባክቴሪያ ወይም እርሾ ነው። እያንዳንዱ ጠብታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሴል የበቀለ ዘር ነው። ቀለሙ ቢያስፈራም ቀለም አደጋን አይለካም፤ ደማቅ ብርቱካናማው ምንም የማያደርግ፣ ግራጫው የሚያሳምም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ይህን ለልጆች ንገሩ፦ ሳህኖቹ ውስጥ ምግብ ተሰጥቷቸው፣ ተመችቷቸው ነው እንዲህ የበዙት። የተመቸው ባክቴሪያ በሃያ ደቂቃ ራሱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። ስልካችሁ ላይ ምግቡም እርጥበቱም የለም። የወጥ ቤት ስፖንጅ ላይ ግን ሁለቱም አሉ፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ።

በመስታወት የተሠሩትን የቫይረስ ቅርጾች በዚሁ አካባቢ ፈልጉ። ኤችአይቪና ኢቦላ በዚህ ውበት መሠራታቸው መጀመሪያ ያሳቅቃል። እኛ በዘጠናዎቹ ያደግን ሰዎች ኤችአይቪን የምናውቀው በግድግዳ ማስታወቂያና በለቅሶ ቤት ነው። እዚያ ጥቂት ብቻዬን ቆምኩ።

8. ኩስ፣ ጉንዳንና ዳሎል

የእንስሳት ኩስ የተደረደረበት ቦታ አለ። ልጆች ራሳቸው ያገኙታል፣ መመሪያ አያስፈልጋቸውም። ከሣቁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ ላም ሣርን የምትፈጨው ራሷ ሳትሆን ሆዷ ውስጥ ያሉት ደቂቃን ናቸው።

ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖቹ ጋ ግን ተቀመጡ። ቅጠሉን ተሸክመው ሲሄዱ ይበሉታል ብላችሁ እንዳትነግሩ። ወስደው ያኝኩታል፣ እርሻ ያደርጉታል፣ በላዩ ፈንገስ ያበቅላሉ፤ የሚበሉት ፈንገሱን ነው። ገበሬዎች ናቸው፤ ያርማሉም፣ ያዳብራሉም።

አስቸጋሪ ቦታ ስለሚኖሩት ደቂቃን ሲነሣ የኛን ዳሎል ለልጆች ንገሩ፤ የአገራቸው ስም ነው። በአፋር፣ በዳናክል ዝቅተኛ ቦታ፣ አንዳንዱ ውኃ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚፈላ፣ አሲድነቱ ከባትሪ ውኃ የሚስተካከል፣ ጨዉ የበዛ ኩሬ አለ። በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እዚያ የሕይወት ምልክት አገኘሁ ሲል፣ ሌላው በጣም በከፉት ኩሬዎች ውስጥ ምንም የለም አለ። ክርክሩ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው፦ ሕይወት የት ላይ እንደሚያበቃ ለማወቅ ሰዎች ዳሎል ድረስ ይሄዳሉ።

9. ቡሆው

ደቂቃን ለሰው ስለሚሠሩት ሥራ በሚናገረው ክፍል አይብ፣ ቢራና የመሳሰሉት ይነሣሉ። እናቴ በዚህ ቦታ ነው አስተማሪ የሆነችው። እንጀራ፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ እርጎ፣ ቆጮ፣ ስልጆ፤ በጣቷ ቆጠረች። እኛ አገር ደቂቃንን ከማየታችን በፊት ቀጥረን አሠርተናቸዋል።

እዚህ ላይ ለልጆች የቤቱን ጥያቄ መልሱ። ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ የዳቦ እርሾ አንድ ዓይነት ፈንገስ ብቻ ነው። ቡሆው ላይ የሚቀረው ቢጫ ውኃ፣ የኛ እርሾ፣ ግን ማኅበር ነው፤ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና የተለያዩ የእርሾ ፈንገሶች አብረው ይኖሩበታል። ባክቴሪያዎቹ ያኮመጥጡታል፣ የሚወጣው ጋዝም የእንጀራውን ዓይን ያወጣል። እርሾ ከጎረቤት ስንበደር የምንበደረው መንጋ ነው።

ኔዘርላንድስ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ የወጥ ቤት ጥቅም አለው። በክረምት «ሊጡ አልነሣ አለ» እያልን ዱቄቱን የምንራገመው ያለ ጥፋቱ ነው። ደቂቃኑ በርዷቸው ነው። የቡሆውን ዕቃ ማሞቂያው አጠገብ (በላዩ ሳይሆን) አድርጉት፣ በፎጣ ጠቅልሉት፣ አንድ ቀን ጨምሩለት።

10. ላቦራቶሪውና ካርዱ

ከመውጣታችሁ በፊት በመስታወቱ በኩል ላቦራቶሪውን እዩ። ያያችኋቸውን ሁሉ የሚያረቡት፣ የሚመግቡት፣ ሳህኑን የሚቀይሩት እዚያ ነው። በአራዊት መጠበቂያ አንበሳ የሚያበላ ሰው እንዳለ፣ እዚህም የውኃ ድብ የሚቀልብ ሰው አለ። ሠራተኞቹን ጠይቁ፤ መጠየቅ ይወዳሉ።

አሁን ካርዱ። በየማሳያው የየደቂቃኑን ማኅተም ስትመቱበት ከቆያችሁ፣ መጨረሻ ላይ ማንበቢያው ላይ አድርጉት፤ የሰበሰባችኋቸው ስክሪኑ ላይ ሕያው ሆነው ይወጣሉ። ልጆች ማኅተም ለመሙላት ብለው ማይክሮስኮፑን እንዳይሮጡበት ግን ደንብ አውጡ። የኛ ቤት ደንብ «ሠላሳ ያልቆጠረ አይመታም» ነው።

11. ከዚያ በኋላ

እጃችሁን ታጠቡ። ፈርታችሁ አይደለም፤ ብዙ ሰው የነካውን መመልከቻ ስለነካችሁ ነው።

ነገሩ የያዛችሁ ሰዎች በሌላ ቀን ባቡር ይዛችሁ ላይደን ሂዱ፤ ቡርሃፈ ሙዚየም ውስጥ ሌቨንሁክ በእጁ የሠራቸው ማይክሮስኮፖች አሉ። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ የብረት ቁራጭ ናቸው፤ «በዚህ ነው ያየው?» ማለታችሁ አይቀርም። መቃብሩ ደግሞ ዴልፍት፣ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በዚያው ከተማ በ1898 ማርቲኑስ ቤየሪንክ የትንባሆ ቅጠል የሚያሳምመው ነገር ባክቴሪያ በማያልፍበት ማጣሪያ ሲያልፍ አይቶ «ቫይረስ» ብሎታል።

ቤት ስትገቡ ከረጢቶቹን እዩ። የተዳሰሰው ዳቦ ቀድሞ ከሻገተ ልጆቹ እንደጠበቁት ሆነ። ያልተነካውም ከሻገተ፣ አንዳንዴም ከቀደመ፣ ሙከራው ከሸፈ አትበሉ፤ የሻጋታ ዘር አየሩ ላይ ሁልጊዜ አለ፣ ዳቦው ከምድጃ ከወጣባት ደቂቃ ጀምሮ እያረፈበት ነበር። ቀለሞቹን ቁጠሩ፣ ጸጉራሙንና የሚያብረቀርቀውን ለዩ፣ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሁለቱንም እንደተዘጉ በሌላ ከረጢት ከትታችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ።